የመዝገብ ስምና የመድረክ ስም

ያልመለስሁት አንድ ጥያቄ አለብኝ። የተጠየቅሁት በደቡብ ሕንድ፣ በታሚል ናዱ ግዛት፣ ቪሉፑራም በምትባል የባቡር መጋጠሚያ ከተማ፣ በአንድ የሠርግ አዳራሽ ጓሮ ተቀምጬ በሙዝ ቅጠል ላይ የቀረበልኝን ሩዝ በእጄ እየበላሁ ሳለ ነበር። ጊዜው ግንቦት 2006 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2014 ነው (ነገሩ የሕንድ ስለ ሆነ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው)። ጠያቂዋ በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ፣ ጠጉራቸውን በጃስሚን አበባ ያስጌጡ ሴት ነበሩ። ጥያቄያቸውን ወደ ኋላ አመጣዋለሁ፤ በመጀመሪያ እኔ እዚያ ምን እሠራ እንደ ነበር ልናገር።

በዚያ ዘመን ሕንድ ውስጥ የዶክትሬት ተማሪ ነበርሁ። የምመረምረው ከሀገራችንና ከአካባቢዋ በባርነት ተግዘው፣ ባሕር ተሻግረው፣ በሕንድ ነገሥታትና መሳፍንት ቤት ስላገለገሉ ሐበሾች ነው። የእነሱ ነገር ሲነሣ ሁሉም የሚያውቀው ማሊክ አምባርን ነው። ባሪያ ሆኖ ሄዶ የአህመድናጋርን መንግሥት በእጁ ያስገባ፣ በ1626 የሞተ ታላቅ ሰው ነውና ብንኮራበት አያስነቅፈንም። እኔን የያዘኝ ግን ብዙ የማንኮራበት ሌላ ወገን ነበር፤ ስልቦቹ። አንድ ማታ የሆስቴል ጎረቤቴ፣ የሶሾሎጂ ተማሪ የሆነ የታሚል ልጅ፣ ጠረጴዛዬ ላይ የተከመረውን ፎቶ ኮፒ አገላብጦ አየና «አንተ ስለ ሞቱት ጃንደረቦች ታነባለህ፤ በሕይወት ያሉትን ለማየት ለምን አትመጣም?» አለኝ። ተቆጣሁ። «ሁለቱ አንድ አይደሉም! የእኔዎቹ ሳይወዱ በቢላዋ የተሰለቡ ልጆች ናቸው፤ አንተ የምትለኝ በወንድ አካል ተወልደው ራሳቸውን ሴት ብለው ስለሚያውቁት ነው» አልሁት። «ይህን ለእንግሊዞች በነገርህልን ኖሮ» ብሎ ሳቀ። ቀልዱ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ከቪሉፑራም ራቅ ብላ ኩቫጋም የምትባል መንደር አለች። በመንደሯ የኩታንዳቫር ቤተ መቅደስ ይገኛል፤ ኩታንዳቫር በማሃባራታ አራቫን የሚባለው የአርጁና ልጅ ነው። በታሚሎቹ ትረካ፣ ከታላቁ ጦርነት ዋዜማ ወገኖቹ ድል ያደርጉ ዘንድ ራሱን ለመሥዋዕት ሰጠ፤ ነገር ግን ሚስት ሳላገባ አልሙት ብሎ ለመነ። በማግስቱ መበለት ለመሆን የምትፈቅድ ሴት ጠፋች። በመጨረሻ ክሪሽና ራሱ ሞሂኒ የምትባል ሴት ሆኖ አገባው፤ ሲነጋም ጠጉሩን ነጭቶ አለቀሰለት። ቺቲራይ በሚባለው ወር፣ ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ሜይ አጋማሽ ባለው ጊዜ፣ ከሕንድ ልዩ ልዩ ግዛቶች የሚመጡ ትራንስጀንደር ሴቶች ራሳቸውን የዚያች ሞሂኒ ምትክ አድርገው ለአራቫን ይዳራሉ። ካህኑ ቢጫ ክር አንገታቸው ላይ ያስርላቸዋል። ሌሊቱን ሲጨፍሩ ያድራሉ። በማግስቱ ክሩ ይበጠሳል፣ የብርጭቆ አምባሩ ይሰበራል፣ ነጭ ሳሪ ይለበሳል፣ ደረት ይመታል። የሀገራችንን ሙሾ የሰማ ሰው ይህን ልቅሶ ሲሰማ እንግድነቱን ይረሳል።

ከዚህ ሠርግና ልቅሶ ቀደም ብሎ ቪሉፑራም ከተማ ውስጥ የቁንጅና ውድድር ይደረጋል፤ «ሚስ ኩቫጋም» ይሉታል። ጓደኛዬ የጋበዘኝ ለዚህ ነበር።

ሙቀቱን አልገልጸውም። ታሚሎች ያንን ወቅት «የእሳት ኮከብ» ብለው ይጠሩታል፤ ይህ ይበቃል። የከተማዪቱ አልጋ ቤቶች ሞልተዋል፤ አንዳንዱ ባለቤት ዋጋውን በሁለት እጥፍ ሰቅሎታል፤ ሌላው ባዶ ክፍል እያለው እንግዶቹን ፊታቸውን አይቶ «ሞልቷል» ይላል። አዳራሹ በር ላይ ካኪ የለበሱ ፖሊሶች ቆመዋል። ሰውን አላሰሩም፣ አላዋከቡም፤ ወረፋ ያስይዛሉ። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ጄኔሬተር ተነሣ። ከዚያ ንግግር ሆነ። እኛ ብቻ ነን የክብር እንግዳ የምናበዛ ሲመስለኝ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ስሕተት ነበር። አምስት ይሁኑ ስድስት ሰዎች ተራ በተራ ተነሥተው ተናገሩ፤ ለእያንዳንዳቸው የክብር ሻል ትከሻቸው ላይ ተጣለላቸው። ባዕድ ነኝና ለእኔም አንድ ተጣለልኝ፤ በዚያ ሙቀት! የምርጫው ውጤት ሊነገር ጥቂት ቀን ቀርቶት ስለ ነበርና የምርጫው ሥነ ምግባር ደንብ ገና ስላልተነሣ ባለ ሥልጣን ወጥቶ ተስፋ አልሰጠም። ጓደኛዬ «ዘንድሮ ተገላገልን» አለኝ።

በመጨረሻ ተወዳዳሪዎቹ ወጡ። የመጀመሪያው ዙር የባህል ልብስ ነው። የሐር ሳሪ፣ ወርቅማ ጌጥ፣ እስከ ወገብ የሚደርስ የአበባ ጉንጉን። እያንዳንዷ እየተራመደች መድረኩ መካከል ትደርስና ማይክሮፎኑን ተቀብላ ስሟንና የመጣችበትን አውራጃ ትናገራለች። ይኸው ነው፤ ስምና አውራጃ። ነገር ግን አዳራሹ የሚፈነዳው ለእርምጃው ሳይሆን ለዚያ ስም ነበር። አንዳንዱ ስም የፊልም ተዋናይት ስም ነው፤ አንዳንዱ የአማልክት፤ አንዷ ደግሞ የአያቷን ስም ይዛ እንደ መጣች ጓደኛዬ ነገረኝ። ሁሉም ራሳቸው የመረጡት ስም ነው። ድምፃቸው ከለበሱት ሳሪ ጋር የማይሄድባቸው ነበሩ፤ እነዚያ ሲናገሩ ጭብጨባው ይበልጥ ይበረታል። ከኋላ ወንበር ነጭ ሽርጥ ያገለደሙ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። የአንዷ ተወዳዳሪ አባት ናቸው ተባልሁ። ልጃቸው ስሟን ስትናገር ወለል ወለሉን አዩ። መጥተው ግን ነበር።

እኔስ? እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት የተቀመጥሁት በእሾህ ላይ ነው። ያደግሁበት ቤት፣ የቆረብሁበት ቤተ ክርስቲያን፣ የተማርሁበት መንደር ሁሉ ደረቴ ውስጥ ተነሥቶ «ምን ልትሠራ መጣህ?» ይለኝ ነበር። ያዳነኝ የሙያ ልማድ ነው። ሰው ሲጨነቅ የሚያውቀውን ነገር ይፈልጋል፤ እኔም የማውቀው ሰነድ ነውና ከዓመት በፊት ያነበብሁት አንድ ሕግ ትዝ አለኝ።

ሕጉ የ1871 «የወንጀለኛ ነገዶች ሕግ» ይባላል። የእንግሊዝ መንግሥት በሕንድ ያወጣው ነው። የመጀመሪያው ክፍል በትውልዳቸው ሌቦችና ሽፍቶች ናቸው የተባሉትን ጎሣዎች ይመለከታል፤ ሕፃን በተወለደበት ጎሣ ምክንያት ተጠርጣሪ ሆኖ ይመዘገብ ዘንድ የፈቀደ ጉድ ነው። ሁለተኛው ክፍል ርእሱ «ስልቦች» ይላል። ልጅ በመስረቅ ወይም በመስለብ፣ ወይም «ከተፈጥሮ ውጪ» በተባለ ድርጊት ይጠረጠራሉ የሚባሉ ስልቦች ሁሉ ስማቸውና አድራሻቸው በመዝገብ እንዲጻፍ ያዝዛል። የተመዘገበ ሰው የሴት ልብስ ወይም ጌጥ አድርጎ በአደባባይ ቢታይ፣ ወይም ለሕዝብ ቢጨፍር፣ ሙዚቃ ቢጫወት፣ በትርኢት ቢካፈል፣ ያለ ማዘዣ ተይዞ እስከ 2 ዓመት ሊታሰር ይችላል። ከ16 ዓመት በታች የሆነ ወንድ ልጅ ቤቱ ቢገኝ እንዲሁ። ሞግዚት መሆን፣ ስጦታ መስጠት፣ መናዘዝ፣ ልጅ ማደጎ መውሰድ ተከለከለ። ንብረቱንም ቆጥሮ እንዲያሳውቅ ሊጠየቅ ይችል ነበር።

እንግዲህ ያንን አዳራሽ በዚህ ሕግ ዓይን ተመልከቱት። የሴት ልብስ፤ ጌጥ፤ ጭፈራ፤ ሙዚቃ፤ የሕዝብ ትርኢት። ከመድረኩ ላይ ወንጀል ያልሆነ አንድ ነገር አልነበረም፤ በር ላይ የቆመው ፖሊስ ግን ወረፋ ያስይዛል! (የታሪክ ተማሪ ነኝና ሐቁን ልጨምር፤ የሕጉ ሁለተኛ ክፍል በመጀመሪያ የጸናው በሰሜን ምዕራብ ግዛቶች፣ በፑንጃብና በአውድ እንጂ ቪሉፑራም ባለችበት በማድራስ በኩል አልነበረም።) ከሁሉ የከፋው ደግሞ እስሩ አይመስለኝም፤ የማደጎና የኑዛዜ ክልከላው ነው። እነዚህ ሰዎች ከተወለዱበት ቤት የተባረሩ ናቸው። የሚኖሩት አሮጊቷ ወጣቷን እንደ ልጅ እየተቀበለች፣ ቤቷንና ሙያዋን እያወረሰች ነው። የማደጎ ልጅና ኑዛዜ ከተከለከለ ያ ቤት በአንድ ትውልድ ይዘጋል። ሰፊ ጥናት ያደረገችው የታሪክ ምሁር ጄሲካ ሂንቺ በ2019 ባሳተመችው መጽሐፍ እንዳሳየችው የመዝገቡ ዓላማ ማኅበረሰቡ ቀስ በቀስ እንዲጠፋ ማድረግ ነበር። የሚያስደንቅ ነገር ነው፤ ሰውን ለማጥፋት መጀመሪያ ስሙን በጥንቃቄ ይጽፉታል።

አሁን የጓደኛዬ ቀልድ። የእንግሊዙ ጸሐፊ «ስልብ» በሚለው ዓምድ ሥር ያሰፈረው ማንን ነው? ሁለት ጨርሶ የማይገናኙ ወገኖችን። አንደኛው ኽዋጃ ሳራ ይባላል፤ በልጅነቱ ተሰልቦ በቤተ መንግሥት ያደገ፣ ወንድ ሆኖ የሚኖር፣ አንዳንዴ ጦር የሚመራና ግብር የሚሰበስብ ሹም ነው። ሁለተኛው ሂጅራ የሚባለው ነው፤ በሴት ስም የሚጠራ፣ በሠርግና በልደት እየዘፈነ የሚመርቅና የሚሸለም። አንዱን ቢላዋው ነው ያመጣው፤ ሌላዋን የገዛ ልቧ። ለቢሮው ግን ሁለቱም «እንደ ወንድ ያልሆነ» ነበሩና በአንድ ዓምድ ተጻፉ፤ በአንድ ሕግም ተቀጡ።

በመጀመሪያው ወገን ውስጥ የእኛ ሰዎች አሉ። በ14ኛው ምዕተ ዓመት የጻፈው አረብ አል ኡመሪ ባሮች ዋሽሉ በምትባል ስፍራ እየተሰለቡ ከዚያ ወደ ሐድያ ተወስደው እንደሚታከሙ፣ ከሚተርፈው ይልቅ የሚሞተው እንደሚበዛ መዝግቧል፤ የአምሐራው ንጉሥ ድርጊቱን መከልከሉንም ጨምሮ። ከሞት የተረፉት ውድ ዕቃ ሆነው ተሸጡ። በቤንጋል ቤተ መንግሥት የሐበሻ ዘበኞች በርትተው በ1487 ሱልጣኑን ጃላሉዲን ፋትህ ሻህን ገድሎ ዙፋኑን የያዘው ሻህዛዳ ባርባክ ስልብ ነበር፤ ሐበሾቹ እስከ 1493 ገደማ ድረስ ቤንጋልን ገዝተዋል። ይህንን ስጽፍ አንባቢዬ ደረቱን ሊነፋ እንደሚዳዳው አውቃለሁ። ይንፋ። ግን ያ ገዢ ልጅ ሳለ ምን እንደ ተደረገበትም ያስብ።

ወደ አዳራሹ ልመለስ። ሁለተኛው ዙር አልቆ ዳኞቹ የሚመክሩበት ጊዜ ሲደርስ አንዲት ጠበቃ መድረክ ላይ ወጥታ የአንድ ፍርድ ማጠቃለያ በታሚል አነበበች። ፍርዱ ከወጣ አንድ ወር እንኳ አልሞላውም። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኤፕሪል 15 ቀን 2014፣ በዳኛ ራዳክሪሽናንና በዳኛ ሲክሪ ብዕር፣ ሰው ጾታውን ራሱ የመወሰን መብት አለው፣ ለዚህም ቀዶ ሕክምና ሊጠየቅ አይገባውም፣ መንግሥትም ወንድ፣ ሴት ወይም ሦስተኛ ጾታ ብሎ ሊያውቀው ግዴታ አለበት ብሎ ነበር። ፍርዱ ያንን የ1871 ሕግ በስሙ ጠርቶ ያስታውሰዋል። አዳራሹ ከመቀመጫው ተነሣ። ጓደኛዬ ግን አንገቱን ነቀነቀ፤ ይኸው ፍርድ ቤት ከአራት ወር በፊት፣ በዲሴምበር 2013፣ እንግሊዞች በ1860 የጻፉትን አንቀጽ 377 መልሶ አጽንቶት ነበርና። ማለት፣ በኤፕሪል ስማቸው የታወቀላቸው ሰዎች ፍቅራቸው ከዲሴምበር ጀምሮ እንደገና ወንጀል ነበር። አንቀጹ የተሻረው ኋላ በሴፕቴምበር 2018 ነው።

ታሚል ናዱ ከዴልሂ ቀድማ የሄደችበት መንገድም ነበረ። ለእነዚህ ዜጎች የደኅንነት ቦርድ ያቋቋመችው በ2008 ነው፤ የራሽን ካርድና በመንግሥት ሆስፒታል ሕክምና ተከተለ። ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ ግን የቃሉ ነገር ነው። ድሮ «አሊ» ይሏቸው ነበር፤ ስድብ ነው። ከዚያ በአራቫን ስም «አራቫኒ» ተባሉ፤ ቦርዱም መጀመሪያ የተሰየመው በዚሁ ነበር። ሙሽራነቱ ለአንድ ሌሊት፣ መበለትነቱ ለዘለዓለም የሆነ ስም መሆኑን ያልወደዱት ብዙ ነበሩ። በዋና ሚኒስትሩ በካሩናኒዲ ዘመን «ቲሩናንጋይ» የሚለው ቃል ሥር ሰደደ። «ቲሩ» እኛ «አቶ» ወይም «ክቡር» እንደምንለው የአክብሮት ቅጥያ ነው፤ «ናንጋይ» ሴት። መንግሥት ራሱ «ክብርት ሴት» ብሎ ይጽፋል ማለት ነው። ሰውየው ዕድሜ ልኩን የፊልም ጸሐፊም ነበርና ቃል ምን እንደሚያደርግ ያውቅ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ።

የመጨረሻው ዙር ጥያቄና መልስ ነው። ስለ ኤችአይቪ መተላለፊያ መንገዶች የተጠየቀችው እንደ ትምህርት ቤት ልጅ በቃሏ አነበነበችው። አንዷን «መንግሥትን አንድ ነገር ብትለምኚ ምን ትለምኛለሽ?» አሏት። የዓለም ሰላም ትላለች ብዬ ጠበቅሁ፤ የቁንጅና ውድድር አይደል? የኪራይ ቤት አለች። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቋረጠችው ሽንት ቤት መግባት ስላልቻለች መሆኑንም ጨመረች፤ የወንዶቹ ይደበድቧታል፣ የሴቶቹ ያባርሯታል። ከዚያ ፈገግ ብላ ማይክሮፎኑን መለሰች። ማይክሮፎኑን ስትሰጥ የግራ አመልካች ጣቷን አየሁት። ቀይ የጥፍር ቀለሙ ተልጦ ከሥሩ የምርጫው ጥቁር ቀለም ይታያል። ታሚል ናዱ ድምፅ የሰጠችው ኤፕሪል 24 ቀን ነው፤ ያ ቀለም ቶሎ አይለቅም። የምርጫ ኮሚሽኑ በመራጮች መዝገብ ከወንድና ከሴት ቀጥሎ «ሌላ» የሚል ዓምድ ያስገባው በ2009 ነበር። በ2011 የሕዝብ ቆጠራም በዚሁ ዓይነት ዓምድ 487,803 ሰዎች ተቆጥረዋል። እንደገና መዝገብ። እንደገና ዓምድ።

ከዚያ ራት ሆነ፤ ጥያቄውም መጣ። እኚያ ሴት በርካታ ወጣቶችን ያሳደጉ «እናት» ናቸው፤ ወጣቶቹ ሁሉ እግራቸውን እየነኩ ያልፋሉ። ጓደኛዬ ያስተረጉመናል። «ታምቢ» አሉኝ፤ ታናሽ ወንድሜ ማለታቸው ነው፤ «በአገርህ እኛን ምን ብለው ይጠሩናል?»

«ቃል የለንም» አልሁ።

ሳቁ። «ቃል የሌለበት አገር ስድብ አይጠፋበትም» አሉና ሩዝ እንዲጨመርልኝ አዘዙ።

ልክ ነበሩ። ሦስት ቃላት ምላሴ ላይ መጥተው ነበር፤ ፍናፍንት፣ ሴታሴት፣ ወንዳገረድ። የመጀመሪያው የሌላ ነገር፣ የተፈጥሮ አካል ጉዳይ ስም ነው፤ የቀሩት ሁለቱ በሠፈር ውስጥ ድንጋይ ናቸው፣ ሲወረወሩ አይቻለሁ። አራተኛም አለ፤ ከሁሉ የተከበረው፤ ጃንደረባ። ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ላይ ኢሳይያስን እያነበበ ፊልጶስ ያገኘውን፣ ቤተ ክርስቲያናችን ባኮስ የምትለውን ሰው በዚህ ቃል እንጠራዋለን። የኢትዮጵያ ክርስትና ወደ ኋላ ሲቆጠር ከእሱ ይጀምራል። ባለሟል፣ የንግሥቲቱ የገንዘብ ሹም እንላለን፤ የቃሉን ሌላ ፍቺ እያለፍነው ስንሰብክ ኖረናል። እኔም ለእኚያ ሴት ስለ ባኮስ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፤ ግን ይህ ራሱ የእንግሊዙን ጸሐፊ ስሕተት መድገም ይሆንብኛል ብዬ ተውሁት። ስልቡና ቲሩናንጋይዋ አንድ አይደሉማ!

የሚያሳፍረኝ ግን ስሕተቱን እንግሊዝ ብቻ የሠራው ማስመሰሌ ነው። እኛ ዘንድ ይህ ርእስ ሲነሣ ምን ይሆናል? በተፈጥሮ አካሉ የተለየ፣ ጾታው ከአካሉ ጋር ያልገጠመለት፣ ወንድ ሆኖ ወንድ የሚወድ፣ ሁሉም ባንድ ትንፋሽ ባንድ ቃል ተጠቅልሎ ይወገዛል። የሚያወግዙት ደግሞ ያልተማሩት ብቻ አይደሉም፤ በዩኒቨርሲቲ መምህራን ሻይ ቤት ሰምቼዋለሁ፣ ሰምቼም ዝም ብያለሁ። ስለ መዝገብ ክፋት ግን ሊነግረን የሚገባ ባዕድ አያስፈልገንም ነበር። የቀድሞውን የቀበሌ መታወቂያ አስታውሱ፤ «ብሔር» የሚል መስመር ነበረው። አባቱ ከአንድ፣ እናቱ ከሌላ የሆነ ጎረምሳ መስኮቱ ላይ ቆሞ «አንዱን ምረጥ» ሲባል፣ ወይም ጸሐፊው ራሱ በስሙ ገምቶ ሲሞላለት ያላየ አዲስ አበቤ አለ? ያቺ ቃል በአንዳንድ ኬላ ላይ የምታመጣውን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ አንድ ሰው ለመንግሥት ቅጽ አልበቃ ሲል ያለው ጭንቀት ለእኛ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም።

ከዚያ ምሽት ወዲህ ሕንድ ብዙ ርቃለች፣ ተመልሳም መጥታለች። ፕሪቲካ ያሺኒ የምትባል የታሚል ናዱ ወጣት ለፖሊስነት ስታመለክት ቅጹ ሦስተኛ ጾታ ስለማያውቅ ተጥሎባት ነበር፤ የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2015 ፈረደላትና በ2017 የፖሊስ መኮንን ሆና ሥራ ጀመረች። ናርታኪ ናታራጅ በ2019 ለባራታናትያም ጭፈራዋ ፓድማ ሽሪ የተባለውን የመንግሥት ክብር ተቀበለች፤ መጨፈር በሚያሳስርበት ሕግ ፈንታ። በዚያው በ2019 ግን ፓርላማው አዲስ ሕግ አወጣ። ፍርድ ቤቱ «ራሱ ይወስን» ያለውን ሕጉ «ለአውራጃው አስተዳዳሪ ያመልክት፣ የምስክር ወረቀት ይውሰድ» አለው። በጎዳና ላይ ተቃውሞ ተነሣ። በሕንድ አንዳንድ ግዛት ደግሞ የጥንቱ መዝገብ ራሱ ገና አልሞተም ነበር፤ የሃይደራባዱ ኒዛም በ1919 ያወጣው የስልቦች ሕግ በቴላንጋና ከፍተኛ ፍርድ ቤት የተሻረው በ2023 ነው። መቶ ዓመት አለፈው።

ያን ምሽት ልጨርስ። አሸናፊዋ ዘውድ ደፋች፣ ከበሮ ተመታ፣ ወረቀት ተበተነ። ሕዝቡ ሲወጣ እኔ ጓደኛዬን እየጠበቅሁ ከመድረኩ ጎን ቆሜ ነበር። እዚያ በፕላስቲክ ጠረጴዛ ላይ አንድ ጎልማሳ የሽልማት ገንዘብ መክፈያ ቅጽ ያስሞላል፤ ሂሳብ ያዥ ነው መሰለኝ፣ ደክሞታል። ሦስተኛ ከወጡት አንዷ ተራዋ ደረሰና ስሟን ነገረችው፤ ቅድም አዳራሹ ሙሉ ያጨበጨበለትን ስም። ጻፈው። ከዚያ የባንክ ደብተሯን ከፍቶ አየና እስክሪብቶውን አቆመ። «ይህ አይደለም የተጻፈው፤ ገንዘቡ አይወጣልሽም» አላት። በቁጣ አልነበረም። ወደ ኋላዋ ዞር ብላ ማን እንደ ቆመ አየች። እኔን አየችኝ፤ ቋንቋውን እንደማላውቅ ስለ ገመተች መሰለኝ ግድ አላላትም። ጎንበስ አለችና፣ ዘውዷን በአንድ እጇ ደግፋ፣ የድሮ ስሟን በጆሮው ነገረችው። ሰውየው ሰርዞ ጻፈ።